ማሽኑ ሲጠፋ የጎደለው ቡና

ዲላ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተረከብኩት አንድ ሚዛን፣ አንድ ሳጥን የሚዛን ድንጋይና አንድ ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያውን የሰጡኝ የቡና ማበጠሪያው ሥራ አስኪያጅ አቶ ይልማ ናቸው። በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ስማ ታደሰ፣ ይህ ሚዛን ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር በእርዳታ የመጣ ነው። ተበላሸ አይባልም። ቢበላሽ እንኳ 'ጥገና ያስፈልገዋል' ነው የሚባለው። ገባህ?" አሉኝ። "ገባኝ" አልኩ።

አስቀድሜ ልናገር፣ እኔ ፈሪ ነኝ። በደርግ ዘመን አልፈራሁም የሚል የሥራ ባልደረባ ቢያጋጥማችሁ ወይ ረስቷል ወይ አስፈራሪው እሱ ነበር። እኔ ግን ስብሰባ ሲጠራ ከኋላ ረድፍ እቀመጣለሁ፤ ስሜ ሲጠራ ሳልጠየቅ 'አዎ' እላለሁ። የሥራ መደቤ የመለኪያ መሣሪያዎች ቴክኒሺያን ነበር። የተማርኩት አዲስ አበባ፣ የተመደብኩት ጌዴኦ አውራጃ። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ሚዛን የተረከበው።

ማበጠሪያው ከግል ባለሀብት የተወረሰ ነው። ቡናው ከወናጎና ከፍስሐ ገነት በኩል ይመጣል፣ በትልቁ የወንፊት ማሽን ይበጠራል፣ ከዚያ መሙያው ጋ ይሄዳል። መሙያው ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ የሆነ የብረት ዕቃ ነው። ጆንያ ከአፉ ሥር ይያዝለታል፣ ልኩን አፍስሶ ራሱ ይዘጋል። የሞላው ጆንያ ተሰፍቶ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ተመዝኖ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ይጫንና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።

ሚዛኑ ለዘመኑ ጉድ የሚያሰኝ ነበር። መርፌ የለው፣ የሚንሸራተት ድንጋይ የለው። ከብረቱ ሰሌዳ ሥር ሸክም ሲያርፍበት የሚያውቅ ሴንሰር አለ፤ ያወቀውን በሽቦ ወደ አንድ ሣጥን ይልካል፤ በሣጥኑ መስኮት ላይ ቀይ ቁጥር ይበራል። የሚያሳየው ሙሉ ኪሎ ብቻ ነው፣ ግራም ብሎ ነገር አያውቅም። ሃምሳ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ያለፈውን ስልሳ ይለዋል፣ ስልሳ ከአራት መቶ ግራም የሆነውንም ስልሳ ይለዋል።

መዛኙ ጋሽ ዱካሌ ይባላሉ። የቡሌ ሰው ናቸው፣ ረጅም፣ ድምፃቸው መጋዘኑን የሚሞላ። አማርኛን ያወቁት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ሚዛኑን "እሷ" ይሉታል፣ እኔንም ሲያሾፉብኝ "አንተ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ዝናብ የምትሸሽ፣ እሷን እንዴት ትጠግናለህ?" ይሉኛል። ወደድኳቸው። በዚያ ግቢ ውስጥ ሳልፈራ የማወራቸው እሳቸውን ብቻ ነበር።

ወንፊቱና ሚዛኑ የቆሙት በአንድ የሲሚንቶ ወለል ላይ ነው። ወንፊቱ ሲሠራ እግር ድረስ ይሰማል። ስለዚህ የሚዛኑ ቁጥር ቁጭ አይልም፤ ስልሳ፣ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ስልሳ አንድ፣ እንደገና ሃምሳ ዘጠኝ ይላል። ተሸካሚዎቹ "ዛሬም ጠጥቶ ነው የገባው" እያሉ ይስቃሉ። ጋሽ ዱካሌ ለዚህ የራሳቸው ደንብ ነበራቸው። ጆንያው ከተቀመጠ በኋላ ፊታቸውን አዙረው አንዴ ያጨበጭባሉ፣ ባጨበጨቡበት ቅጽበት መስኮቱ ላይ ያለውን ቁጥር መዝገብ የያዘው ጸሐፊ አይቶ ጮክ ብሎ ይጠራል። "እኔ ካየሁ መምረጥ ያምረኛል፤ ሳላይ ሳጨበጭብ ማንም አይመርጥም" ይሉ ነበር። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ አዲስ አበባ እንደገና ሲመዘን ሒሳቡ ይገጥማል። እንዴት እንደሚገጥም የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ የድርጅቱ የፖለቲካ ኃላፊ ሆኖ ጓድ ንጋቱ መጣ። ዛሬ ላይ ሆኜ "መጣ" እላለሁ እንጂ ያኔ በሐሳቤም "መጡ" ነበር የምለው። አይጮህም፣ አይሳደብም። በለስላሳ ድምፅ ጠይቆ መልስህን እስከ መጨረሻው የሚያዳምጥ ሰው ነው፣ ያስፈራም የነበረው ይኸው ነው።

አንድ ጠዋት ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ቁጥሩን ሲያይ ቆየ። "ጓድ ታደሰ፣ ይህ ቁጥር ለምን ይጨፍራል?"

"ማሽኑ ወለሉን ስለሚያነቃንቀው ነው ጓድ።"

"የሚጨፍር ቁጥር ለሌባ ይመቻል። ከዛሬ ጀምሮ ሲመዘን ማሽኑ ይጥፋ።"

ጠፋ። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም ደስ አለን፣ ጆሯችን ዐረፈ። ቁጥሩም በምስማር እንደተመታ ቀጥ አለ። ስልሳ፣ ስልሳ፣ ስልሳ። ጋሽ ዱካሌ ማጨብጨባቸውን ተዉ፤ ምን ያስጨበጭባቸዋል? እኔም "ይኸው ሥራ ማለት እንዲህ ነው" ብዬ ተኩራራሁ።

ብዙ ሳይቆይ ከአዲስ አበባ መጋዘን የመጣው ወሬ ጥሩ አልነበረም። ከዲላ የተጫነው ቡና ጎድሏል። ቡና መንገድ ላይ ትንሽ ደርቆ ይቀንሳል፤ ለዚያ የተፈቀደ መጠን አለ፤ ይህ ግን ከዚያ በላይ ነው። መጀመሪያ የተጠረጠረው ሾፌሩ ነበር። ሁለተኛው መኪና በሌላ ሾፌር ሄደና ጎደለ። ሦስተኛው ታሽጎ ሄዶ፣ ማሸጊያው ሳይነካ ደርሶ፣ እሱም ጎደለ። ከዚያ ወዲያ ዓይን ሁሉ ወደ መዛኙ ዞረ።

ስብሰባ ተጠራ። የተባለው ቃል "ጉድለት" አልነበረም፣ "የኢኮኖሚ አሻጥር" ነው የተባለው። ይህ ቃል ያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበር ለወጣቶቹ ልንገራችሁ። ሰው በዚህ ቃል ተጠርጥሮ ሲወሰድ ቤተሰቡ ምግብ እንጂ ጥያቄ ይዞ አይከተለውም።

ጓድ ንጋቱ ወደ እኔ ዞረ። "ሚዛኑ ይሠራል ወይስ አይሠራም?"

የሚዛን ድንጋዮቼን አመጣሁ። በየሳምንቱ መጀመሪያ የማደርገውን ፈተና በሁሉም ፊት አደረግሁ። ድንጋይ የምንላቸውን ባለ ሃያ ኪሎ ብረቶች ሦስቱንም ሰሌዳው ላይ ደረደርኩ። ስልሳ አለ። አንሥቼ እንደገና ደረደርኩ፣ ስልሳ።

"ልክ ነው" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ልክ ነው።

"ሚዛኑ ልክ ከሆነ ሰውየው ልክ አይደለም" አለ ጓድ ንጋቱ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። ጋሽ ዱካሌን ሁለት አብዮት ጥበቃዎች በግራና በቀኝ ይዘው ወሰዷቸው። ሲያልፉ አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ግራ የገባው ሰው አስተያየት ነበር፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ቆጮና ጎመን በሳህን ቋጥረው ወደ ማረፊያ ቤቱ ሲሄዱ በማበጠሪያው በር ላይ ያዙኝ።

"ሚዛኑ ልክ ነው ያልከው አንተ ነህ?"

"አዎ እትዬ፣ ግን እኔ..."

"ታዲያ ባሌ ሌባ ነው?"

"አይደሉም! ኧረ እንዲያ አላልኩም።"

"ሁለቱም እንዴት ልክ ይሆናሉ ታዲያ? አስረዳኝ እስቲ።" ቆመው ጠበቁኝ። ሳህኑን ወደ ሌላው እጃቸው አዛውረው ሄዱ።

አቶ ይልማ ደግሞ ሌላ ነገር ሹክ አሉኝ። የጋሽ ዱካሌ ጉዳይ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ አዋሳ ይተላለፋል። ከዲላ ማረፊያ ቤት ሰው ይወጣ ነበር፣ አዋሳ ከተላለፈ ግን ዕጣው የማይታወቅ ነው። "ከሳቸው ቀጥሎ ደግሞ 'ሚዛኑን የፈተነው ማነው፣ ተባባሪ ነው ወይ' መባሉ አይቀርም" አሉ። ውጭ የመኪና በር በተዘጋ ቁጥር ለእኔ የመጡ እየመሰለኝ እበረግጋለሁ።

የወይዘሮ አስቴር ጥያቄ ግን አለቀቀኝም። ሁለቱም እንዴት ልክ ይሆናሉ? ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ ወደ ሚዛኑ ሄድኩ። ማሽኑ ጠፍቷል። ስልሳ ኪሎ ሳይሆን ሃምሳ ዘጠኝ ደረደርኩና መቶ መቶ ግራሞቹን ከላይ መጨመር ጀመርኩ። ሃምሳ ዘጠኝ፣ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ሃምሳ ዘጠኝ። ግማሽ ኪሎ ላይ ስደርስ ስልሳ አለ። ሰባት መቶ ግራም ላይ አቆምኩት፤ አሁንም ስልሳ። ሦስት መቶ ግራም ጎድሎ ሙሉ ነው ይለኛል።

ይህን አላውቅም ነበር ማለቴ አይደለም፤ ከሚዛኑ ጋር በመጣው መመሪያ ላይ ተጽፏል። ነገር ግን አንዱ ጆንያ ቢጎድል ሌላው ይተርፋል፣ ሲደማመር ይቻቻላል ብለን ነው ሁላችንም የምናስበው። ቀና ስል መሙያውን አየሁት። ያ ብረት በየቀኑ፣ በየጆንያው፣ አንድ ዓይነት ልክ ያፈስሳል። ታዲያ በምን ይቻቻላል? አንዱ ሦስት መቶ ግራም ከጎደለ ሁሉም ሦስት መቶ ግራም ይጎድላል፣ ሚዛኑም ለሁሉም ስልሳ ብሎ ይመሰክራል። መኪና ሙሉ ጆንያ እንዲያ ሲሆን ጉድለቱ የትና የት ይደርሳል!

ብረቶቹን ሳላነሣ ወንፊቱን የሚነዳው ሐሰን ከምሳ ተመልሶ ማሽኑን አስነሣ። ወለሉ ተርገፈገፈ። ቁጥሩ ስልሳ፣ ስልሳ፣ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ስልሳ አንድ፣ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ስልሳ ይል ጀመር። ዓይኔን ጨፍኜ እንደ ጋሽ ዱካሌ እያጨበጨብኩ፣ ወዲያው ገልጬ ያየሁትን እጽፍ ጀመር። ወረቀቱ ሲሞላ ደመርኩና ለንባቦቹ ቁጥር አካፈልኩት። ሃምሳ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት ወጣ። ብረቶቹን አንሥቼ ከመሙያው የወጣ ጆንያ በዚያው መንገድ መዘንኩ፤ እሱም ሦስት መቶ ግራም ያህል ጎደለ።

ትምህርት ቤት እያለን አንድ አስተማሪያችን የግፊት መለኪያ ከማንበባችን በፊት መስታወቱን በጣታችን ቆርኮር እንድናደርግ ያዝዘን ነበር፤ የተጣበቀ መርፌ በዚያ ይላቀቃል። ቁጥር በሚያሳዩ መሣሪያዎች ላይ ደግሞ መሐንዲሶች ሆን ብለው ትንሽ ሁከት እንደሚጨምሩ፣ ስሙም ዲዘር እንደሚባል ነግሮን ነበር። እኛ ስቀን ነበር። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ሚዛኑ የሚያውቀው ደረጃ በደረጃ ነው፣ በሁለት ደረጃ መካከል የቆመ ክብደት ቅርብ ወዳለው ይጠጋጋል፤ ምንም ካልነካው ሁልጊዜ ወደዚያው። ነቅነቅ ብታደርገው አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች ይወድቃል፤ ወደሚቀርበው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ደጋግመህ አንብበህ አማካዩን ስትወስድ በመካከል የት እንደቆመ ታውቃለህ። የጋሽ ዱካሌ ጭብጨባ ያን ሁሉ ዓመት ሒሳቡን ያስገጠመው በዚህ ነው። እሳቸውም አያውቁትም፣ እኛም አናውቀውም ነበር።

ደስታዬ ሁለት ትንፋሽ አልቆየም። ማሽኑን ያስጠፋው ማነው? ጓድ ንጋቱ!

አቶ ይልማ ቢሮ ገብቼ በሹክሹክታ ሁሉን ዘረገፍኩላቸው። ጭንቅላታቸውን ያዙ።

"ትእዛዙ ነው ጥፋቱ ልትል ነው? አብደሃል? ልጆች የሉኝም ብለህ ነው?"

"ሚዛኑ ነው ብልስ? ግራም አያሳይም።"

"ከወዳጅ አገር የመጣውን ሚዛን! ይባስ! ዱካሌን ትተው አንተን ነው አዋሳ የሚወስዱህ።"

"ታዲያ ማንን ልበል አቶ ይልማ?"

አቶ ይልማ በመስኮት መጋዘኑን ማየት ጀመሩ። ከዚያ፣ "እስቲ ንገረኝ፣ በየጆንያው ሦስት መቶ ግራም የሚያጎድለው ማነው?" አሉ።

"መሙያው ነዋ።"

"መሙያውን ማን ገዛው?"

"የድሮው ባለቤት።"

"ከየት አገር?"

መሙያው ላይ የተመታችው የፋብሪካ ሰሌዳ ትዝ አለችኝ። ከካፒታሊስት አገር ነው። ተያየን። አንዳችንም አልሳቅንም።

አርብ ዕለት አቶ ይልማ 'የጉድለቱን ምንጭ እናሳያችሁ' ብለው ስለጠሯቸው ጓድ ንጋቱ፣ ከአውራጃው የመጡ ሁለት ሰዎችና ሠራተኛው ሚዛኑን ከበቡ። መጀመሪያ ማሽኑ እንደጠፋ ሃምሳ ዘጠኝ ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም አስቀመጥኩ። ስልሳ አለ። "እንዲህ ነው ጓዶች፣ ለቁጥጥር የወጣው መመሪያ ቁጥሩን አርግቶልናል፤ በዚህም ጉድለቱ የት እንደተደበቀ ለማየት ቻልን" አልኩ። ያን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደተለማመድኩት አትጠይቁኝ። "አሁን ሐሰን ማሽኑን ያስነሣልን።"

"ቆይ" አለ ጓድ ንጋቱ። "እንደገና ልታስጨፍረው ነው። ይህን ማነው ያስተማረህ?"

"አስተማሪዬ ጓድ... ሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ያለ ነው።"

"ማሽኑ ሰሌዳውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ክብደቱን ያሳንሰዋል። ስለዚህ የምታሳየን ውሸት ነው።"

ሙግቱ የሞኝ አልነበረም፤ አስደነገጠኝ። ብረቶቹን ለውጬ ልክ ስልሳ ኪሎ አደረግሁት። "እርስዎ ራስዎ ያጨብጭቡ ጓድ፤ ፊትዎን አዙረው። ጸሐፊው ይጥራ። የሚያሳንስ ከሆነ አማካዩ ከስልሳ በታች ይመጣል።"

ማሽኑ ተነሣ። ጓድ ንጋቱ ፊቱን አዙሮ አጨበጨበ። የሚስቅ ሰው ቢኖር ያን ቀን ያልቅለት ነበር። ስልሳ፣ ስልሳ አንድ፣ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ስልሳ። ደጋግሞ አጨበጨበ። ከአውራጃው ከመጡት አንዱ ራሱ ደምሮ ራሱ አካፈለ፣ ስልሳ ወጣ። ወደ ሃምሳ ዘጠኝ ከሰባት መቶ መለስኩት፤ እንደዚያው አጨበጨበ፣ ተደመረ፣ ሃምሳ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት። በመጨረሻ ከመሙያው የወጣ ጆንያ ተጫነ። ማሽኑ ጠፍቶ ስልሳ ያለው ጆንያ፣ ማሽኑ ሲሠራ አማካዩ ከስልሳ በታች ሆነ። ሌላም ጆንያ መጣ፣ ሌላም፤ ሁሉም በዚያው ልክ ይጎድላል።

ጓድ ንጋቱ ለረጅም ጊዜ እኔን አየኝ። ያወቀ መሰለኝ። ትእዛዙ ምን እንዳደረገ የገባው መሰለኝ፣ እኔ እንደማውቅም የገባው መሰለኝ። ብረቶቹን ወደ ሳጥናቸው መመለስ ያዝኩ። ከዚያ ዞር አለና፣ "ይህን መሙያ ማነው የገዛው?" አለ።

አቶ ይልማ ከእኔ ቀድመው መለሱ።

"የሕዝብን ቡና በየጆንያው የሚሸርፍ የኢምፔሪያሊስት ማሽን" አለ ጓድ ንጋቱ። ጸሐፊው ጻፈ። "መሙያው ይስተካከል። ከዛሬ ጀምሮ ሲመዘን ማሽኑ አይጠፋም።" ሰው አጨበጨበ። ማሽኑን ያስጠፋው ማን እንደነበር ያነሣ የለም፤ እኔም አላነሣሁም፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምናገረው።

ጋሽ ዱካሌ ቅዳሜ ወጡ፣ ወደ አዋሳ ሊተላለፉበት በነበረው ቀን። ከስተዋል፣ ያ ድምፃቸው ወርዷል። ወይዘሮ አስቴር ክንዳቸውን ይዘው ከማረፊያ ቤቱ እስከ መጋዘኑ በእግር አመጧቸው። "እቤት ይረፉ" ብላቸው እምቢ አሉ፤ ሚዛኑን ማየት አለብኝ አሉ። ማሽኑ እየሠራ ነበር። ቁጥሩ ሲዘል ቆመው አዩት። ስለ ጉድለቱና ስለ ዲዘር አስረዳኋቸው፤ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"እኔን እዚያ ሲጠይቁኝ" አሉ፣ "አልሰረቅኩም አልኩ። በማግስቱ ጠየቁኝ፣ አልሰረቅኩም አልኩ። ሲመቱኝም ያንኑ አልኩ። 'አንድ ቃል የምትደጋግመው አጥንተህ መጥተህ ነው' አሉኝ። እሷ አንድ ቁጥር ስትደጋግም አመኗት። እኔ አንድ ቃል ስደጋግም ለምን አላመኑኝም?"

አለቀስኩ። ሐሰን ማሽኑ ሥር ጎንበስ ብሎ ያላየ መሰለ።

ከዚያ በኋላ በብዙ ቦታ፣ በብዙ መሣሪያ ላይ ሠርቻለሁ። በዚህ ሙያ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህን ነው። ቁጥር ስለረጋ ልክ ነው አትበሉ። መሣሪያውን ነካ ነካ አድርጉት፣ ደጋግማችሁ አንብቡ፣ አማካዩን ውሰዱ። ሰው የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።